አርባ አንድ ሰው በአንድ ስልክ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሁለት የስፌት መኪና ጠገንኩ። አንዷ የእግር፣ አንዷ የእጅ። የእጅ መኪናዋ ባለቤት «ተስፋ የላትም ተብያለሁ» አለኝ። ማን ነው ያለህ? ስም አልጠራልኝም። ከዙሁር ሶላት በፊት ስትሰፋ አየ። እኔ በከር ዘንድ ተስፋ የሌላት የስፌት መኪና የለችም። ይኼ ይጻፍ።

ይህን ደብተር የምትይዘው ልጄ ቢልቂስ ናት። ኮሌጅ ውስጥ፣ ሜክሲኮ አደባባይ፣ ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። ስትመለስ ቀኔን እነግራታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ፊደል የቆጠሩት ናቸው መኪናቸውን ተሸክመው እኔ ሰፈር ጠመንጃ ያዥ ድረስ የሚመጡት። እንዳልኩት ነው የምትጽፈው። ማሳመር የለም።

ባለፈው እሁድ ቀርጻኝ ነበር፤ ዛሬ ለቀቀችው። ስልኳን የወተት ጣሳ ላይ አስደግፋ እጄን ብቻ ነው የምታነሳው። ፊቴን አላስነሳም፤ የሚሠራው እጅ ነው። በሁለት ዓመት ስልሳ አንድ ቪዲዮ ሆነ። የሚወጣበትን ቻናል ይሉታል፣ በእሷ ስም ነው የተከፈተው። መቶ ሰማንያ ሰው ይከታተለናል። ደሴ ያለ ልብስ ሰፊ እኛን አይቶ መኪናውን ራሱ ጠግኗል። ጽፎልናል።

ቀኝ እጄ ዛሬም ተንቀጠቀጠ። አንድ ብሎን ሁለቴ አመለጠኝ። ቢልቂስ ብሎኑን ከመሬት አንስታ ሰጠችኝ።

ሙለታ ግን አምስት ሺህ ተከታታይ አለው አሉ። ሙለታ! ካቻቢቴ አያያዝ ያስተማርኩት። አሁን ጌጃ ሰፈር የራሱ ሱቅ አለው። ከተኳረፍን ስድስት ዓመት። ደንበኛ ፊት «ጋሼ፣ ተሳስተዋል፤ መርፌው ዞሯል» አለኝ። አልተሳሳትኩም ነበር። በዚያው ቀን አሰናበትኩት።

አምስት ሺህ... በምኑ?

እሁድ፣ ጥቅምት 18

እድር ነበር። ዳኛው እኔ ነኝ፣ ዘንድሮ ሃያ ሁለት ዓመቴ። ሰው አልቀረም። ከስብሰባው በኋላ የተደረገው አይጻፍም።

«ምን ተደረገ?» አለች ቢልቂስ።

አይጻፍም አልኩ!

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ገና ከበሩ «አባዬ!» እያለች ገባች። «አርባ አንድ ሰው! በአንድ ቀን! ሁሉም ደግሞ እጅዎ ይባረክ ብለው ጽፈዋል!»

ይባረካላ፣ አልኳት።

እንዲህ ደስ ብሏት ካየኋት ቆየሁ። ሌላ የምለው የለኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

ተዘጋ።

ስልኩን ዓይኔ ሥር አመጣችው። እጄ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ደብዳቤም ልከዋል፣ በእንግሊዝኛ። ሦስቴ አነበበችው። «ሐሰተኛ ተከታታይ ሰብስባችኋል ነው የሚሉት። እኛ? ሐሰተኛ?»

የት ነው ቢሯቸው? ባሕር ማዶ። ማን ነው የፈረደው? «መጀመሪያ የሚያየው ማሽን ነው፣ አባዬ።»

ማሽን! ሃምሳ ዓመት ማሽን ፈትቼ የገጠምኩትን ሰውዬ ማሽን ይከሰኛል?

ሰኞ፣ ጥቅምት 26

አቤቱታ ጻፈች። በአማርኛ አነበበችልኝ። «ምንም ጥፋት የለብንም። ተከታታዮቻችን በሙሉ በራሳቸው ፍላጎት የመጡ ናቸው።»

ጥሩ ነው፣ አልኳት። ... ጥሩ ነው።

ሽማግሌ ብንልክስ? አልኩ። የእድራችንን ጸሐፊ ገረሱን፣ ሁለት ሦስት ሰው ጨምረን። ሳቀች። «አባዬ፣ በር የላቸውም እኮ። ምኑን ያንኳኳሉ?»

በር የሌለው ሰው ከሰው ጋር እንዴት ይታረቃል?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 29

አቤቱታችንን አልተቀበሉም። አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ መጻፍ ይቻላል፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ። ያም ካልሆነ ቪዲዮዎቹ ለዘለዓለም ይጠፋሉ።

ሌላ ቦታ አላስቀመጥሻቸውም? አልኳት። ትዝ አለኝ... ስልኳ። አምና ሜክሲኮ ታክሲ ስትጋፋ የተሰረቀችው። ዋናው ሁሉ እሱ ውስጥ ነበር። የቀረው ቻናሉ ላይ ያለው ብቻ ነው።

«የድሮው እጅዎ ነው ያለው እዚያ ላይ» አለች። «የማይንቀጠቀጠው።»

እውነቷን ነው። አንዳንዱን መኪና ከእኔ በቀር የሚፈታው የለም። በዚህ እጅ ደግሞ ያንን ዳግመኛ ሠርቼ አልቀረጽም። ያ ከጠፋ እኔ የሠራሁ ሰው እንደነበርኩ ምን ያሳያል? ይኼንንም ጻፊ።

አርብ፣ ጥቅምት 30

ከጁምዓ ስመለስ ገረሱን አገኘሁት። የእድር ጉዳይ ነው ያወራነው። ሌላ የለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ቢልቂስ ወሬ ይዛ መጣች። የሙለታም ቻናል ባለፈው ዓመት ተዘግቶ ነበር አሉ፤ ተመልሶለታል። «ልሂድና ልጠይቀው?» አለች። አንቺ አትሄጂም፤ እኔ እሄዳለሁ አልኳት። አፏን ከፍታ አየችኝ።

ሄድኩ። በዱላዬ፣ በእግሬ። ሱቁ ጠባብ ናት ግን ንጹሕ። ዕቃው በየቦታው። ይኼን ከእኔ ነው የወሰደው። ሲያየኝ ብድግ አለ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ወንበሩን ለቀቀልኝ። አልተቀመጥኩም።

«ቪዲዮዎ ሲዘጋ ደነገጥኩ፣ ጋሼ። አንድም አላመለጠኝም ነበር።»

አንተ ምን ያደርግልሃል?

«እንዴ! የተማርኩበት እጅ ነው እኮ።»

ወሬ ቀየርኩበት። እንዴት እንደተመለሰለት ጠየቅኩት። ሳይደብቅ ነገረኝ። ተከታታይ ከሚሸጥ ሰው ገዝቶ ነው የተዘጋበት። «አምስት ሺህ ሲባል የሰሙት እሱን ነው። አሁን ሦስት መቶ ነው ያለኝ። ሰፈሩ አምስት ሺህ ሲል እኔም አላስተባብልም።» ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አምስት ሺህ ያልኩት... የተገዛ ነው ለካ።

«መጀመሪያ ክጄ ጻፍኩ፣ አልተቀበሉኝም። ሁለተኛው ላይ ያደረግኩትን ጻፍኩ። ምን እንዳደረግኩ፣ መቼ፣ በማን በኩል። የገዛኋቸውንም አስወጣሁ። ብቻ አዲስ ቻናል እንዳትከፍቱ፤ ከማምለጥ ነው የሚቆጥሩት፣ ያንንም ይዘጉታል።» ከዚያ ዝቅ ብሎ «እርስዎስ፣ ጋሼ... ምን አድርገው ነው?» አለኝ።

ምንም፣ አልኩት።

«እሺ፣ ጋሼ» አለ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ጻፊ። እስክጨርስ አታቋርጪኝ።

የጥቅምት እድር ዕለት፣ ስብሰባው ሲያልቅ፣ ማንም እንዳይወጣ አልኩ። ሰው ሲሞት ትመጣላችሁ። እኔ ገና አልሞትኩም። ቪዲዮዬ ላይ ኑልኝ። የቀረ ከቀብር እንደቀረ ይቀጣል። አልኩ። ሁሉም ተመልሶ ተቀመጠ፤ ዳኛው ነኝ።

የብዙው ሰው ስልክ ቪዲዮ አያሳይም። ገረሱ የአባላቱን መዝገብ ዘርግቶ በራሱ ስልክ በአርባ አንድ ሰው ስም መለያ የሚሉትን ከፈተ። ስም ይጠራል፣ የተጠራው ይመጣል፣ በጣቱ ይጫናል፣ ይሄዳል። እንዳለች የምትባለው ጎረቤታችን አውራ ጣቷን አዘጋጅታ «ቀለሙስ?» አለች። ፊርማ መስሏት ነው። እኔም ብሆን ከዚያ የተለየ አልመሰለኝም። እጅዎ ይባረክ የሚለውን ገረሱ ነው ለሁሉም የጻፈው። አንዱን ጽፎ አርባውን ገለበጠው።

ለምን አደረግኩት? ሙለታ አምስት ሺህ አለው ስላሉኝ። ሌላ ምክንያት የለም።

ሐሰተኛ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ተናደድኩ። እንዳለች ሐሰተኛ ናት? ገረሱ ሐሰተኛ ነው? ሁሉም ስም አለው፣ ቤት አለው። ግን... ማናቸውም እጄን ሊያዩ አልመጡም። ቅጣት ፈርተው ነው። ማሽኑ ይኼን ነው ያወቀው። እኔም አውቅ ነበር። ያንቺን አቤቱታ ጥሩ ነው ስልሽ አውቅ ነበር።

እዚህ ላይ ቢልቂስ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ወጣች።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ተመለሰች። ቁጭ አለች። «በእኔ ስም ነው የዋሸሁት» አለች። አዎ። «ዐሥር ቀን ሙሉ ምን አጠፋሁ እያልኩ ስጨነቅ እርስዎ እዚህ ተቀምጠው ያያሉ።» አዎ።

ይቅርታ አድርጊልኝ ብለሽ ጻፊ፣ አልኳት።

«አልጽፍም። ይበሉት።»

አልኩት።

እሁድ፣ ኅዳር 9

አስቸኳይ እድር ጠራሁ። ቆሜ ተናገርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የገባችሁ ሁሉ ውጡልኝ፤ ከእንግዲህ በቪዲዮ የሚቀጣ የለም አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ስፈርድ ኖሬ... በራሴ ላይ ስፈርድ የመጀመሪያዬ ነው።

ደግሞ ሰልፍ። ገረሱ ስም ይጠራል፣ ሰው ይመጣል፣ ይሰረዛል። እንዳለች «መግባትም በሰልፍ፣ መውጣትም በሰልፍ! ቀበሌ አደረጋችሁት እኮ!» አለች። ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

አሮጊቷ እማማ ወለተሰንበት ብቻ እምቢ አሉ። «እኔ ወድጄ ነው የማየው። ልጄ ስልኳን በሰጠችኝ ቁጥር አያለሁ። ማን ነው የሚያስወጣኝ?» ገረሱ ላብ በላብ ሆነ። «እማማ፣ ከዚህኛው ስልክ ብቻ ይውጡ። ከልጅዎ ስልክ እንደፈለጉ ይግቡ።» ብዙ ተጨቃጭቀው ወጡለት።

ቤት ስንመለስ ሁለተኛውን አቤቱታ ጻፍን። እኔ ተናገርኩ፣ እሷ ጻፈች፣ ወደ እንግሊዝኛም እሷው መለሰችው። ማሳመር የለም አልኳት። እንዲህ ይላል።

«ስሜ በከር ነው። የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ጥቅምት 18 ቀን አርባ አንድ ሰው በአንድ ስልክ እንዲገባ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ልጄ አታውቅም ነበር። መጀመሪያ ጥፋት የለብንም ብላ የጻፈችላችሁ እኔ ስለደበቅኳት ነው። ሰዎቹን ዛሬ አስወጥተናል። ቪዲዮው ላይ ያለው እጅ ግን የእኔ ነው፤ እሱ ሐሰት የለበትም።»

ሞባይሏን ተጫነች። ሄደ አለችኝ። እንዲህ በቀላሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

መልስ የለም።

እሁድ፣ ኅዳር 16

የለም። አንድ የእጅ መኪና ፈታሁ። ልገጥማት ስል እጄ አስቸገረኝ። ተውኳት፣ ነገ ነው።

ሙለታ ወደ ቢልቂስ ደውሎ ነበር። «ጋሼ እንዴት ናቸው?» ብቻ ነው ያለው። ስለ ቻናሉ አልጠየቀም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

ተከፈተ!

ከሥራ ቦታዋ ደወለች። ገና አባዬ ስትል አወቅኩት። ስልሳ አንዱም አለ። ሁለተኛ ብታጠፉ ምሕረት የለም የሚል ማስጠንቀቂያ አብሮ መጥቷል። ይሁን። ዳኛ እንዲህ ነው የሚናገረው።

«መቶ ሰማንያ ነበርን፣ አሁን ግን መቶ ሰማንያ አንድ ነን» አለችኝ። ማን ነው የተጨመረው? «ወለተሰንበት የሚል ነው።»

ማታ ሳይሆን እዚያው፣ ምሳ ሳትበላ፣ ሁሉንም ወደ ፍላሽ ገልብጣ መጣች። ሁለት ፍላሽ። አንዱ ሣጥኔ ውስጥ ከካቻቢቴው ጋር፣ አንዱ እሷ መሥሪያ ቤት። ከእንግዲህ ማንንም ግባ አንልም፣ የማንም ስልክ አንነካም። የቻናሉንም የምስጢር ቃል እሷ ብቻ ታውቃለች። ለእኔ ልንገርዎት ስትል አትንገሪኝ አልኳት። ይሻላል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

ዛሬ አዲስ ጽሑፍ መጣ። ዓብዱልሰላም የሚባል የኮምቦልቻ ልብስ ሰፊ። አናውቀውም፣ አያውቀንም። ዐሥራ ሰባተኛው ቪዲዮ ላይ ነው የጻፈው። ቢልቂስ ጀምራ አቆመች። «ልተወው አባዬ? ላጥፋው?» አለች። አንብቢ አልኳት።

«አባት፣ ሥራዎ ድንቅ ነው። ግን መርፌው ዞሯል። እንደዚያ ከገባ ስፌት ይዘላል።»

ክፈቺው አልኳት። አቁሚው። አጉዪው። መነጽሬን አደረግኩ። እጄ እዚያ ላይ ድንጋይ ነው፣ አይነቃነቅም። መርፌው ግን... ጠፍጣፋው ጎን ወደ ውጭ ነው። ዞሯል።

ለካ እጄ ሳይሆን ዓይኔ ነው ቀድሞ የከዳኝ። ከመቼ ጀምሮ? ሙለታን ካሰናበትኩበት ቀን? ስድስት ዓመት?

ማንም ያላዘዘው ሰው ነው። ቅጣት የለበት፣ ይሉኝታ የለበት። ኮምቦልቻ ተቀምጦ እጄን አይቶ፣ እስከ መርፌዋ ድረስ አይቶ ተሳስተሃል አለኝ። ከአርባ አንዱ «እጅዎ ይባረክ» ይኼ አንዱ ከበደኝ። ደስም አለኝ... ምን ዓይነት ደስታ እንደሆነ አላውቅም።

ጻፊለት አልኳት፦ «ልክ ነህ። መርፌው ዞሯል። በከር።»

ዱላዬን አነሳሁ። «ወዴት?» አለች። ጌጃ ሰፈር አልኳት። ተከተለችኝ።

ሙለታ መኪና ፈትቶ ጎንበስ ብሏል። በሩ ላይ ቆምኩ። ያኔ፣ ያቺ መርፌ ዞራ ነበር፣ አልኩት።

ቀና አለ። እኔን አየ፣ ቢልቂስን አየ።

«የትኛዋ መርፌ፣ ጋሼ?»

መርፌዋን አውቋታል። ወንበሩን አቀረበልኝ። ተቀመጥኩ።