ናፍጣው ውስጥ የገባው ውሃ

ኅዳር ፲፪
ልብስ አጠብሁ፣ በርበሬ ቀነጠስሁ። ባሌ ቢያዝን ምሳውን ሳይበላ ዋለ። ያቺ አንድ ፈረንጅ ጥሏት የሄደው፣ አሁን የማኅበሩ የሆነች ባለሸራ ጀልባ ዛሬም ሐይቁ መሀል ቆመችበት። ሸራዋንማ ማኅበሩ ለስብሰባ ዳስ ወስዶታል፤ የቀራት ሞተሯ ብቻ ነው። እሱም ውሃ እየጠጣ ይጠፋል። ከደቅ ደሴት የተሳፈሩት በእጃቸው እየቀዘፉ ገቡ። አንዷ ሽንኩርት ሻጭ በደጄ ስታልፍ፣ "ባልሽ ለአሣ ሊቀልበን ነበር!" አለችኝ። ነጂው እሱ ነው።

"ሰልባትዮው ሥር ውሃ አለ" ይላል። ናፍጣ ማጠራቀሚያው ማለቱ ነው። ውሃው ከየት መጣ? ዝናብ የለ። ክዳኑን ራሴ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ...

ኅዳር ፲፭
የቢያዝን እናት፣ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል፣ በየጠዋቱ ጀልባዋን ጠበል ይረጯታል። ስፈራ ስቸር፣ "እማሆይ፣ ወደ ሰልባትዮው ጠብ ብሎ ይሆን እንዴ?" አልኋቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "እኔ የምረጨው በጣቴ፣ እናንተ ከሥሩ የምትቀዱት በጣሳ። ሰይጣን አባርራለሁ እንጂ ሰልባትዮ አልሞላም፣ ልጄ።"

አፈርሁ። ቢሆንም... እኔ እንጃ።

ኅዳር ፲፱
ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበሩ ጓድ አምሐ ቢያዝንን ከሰው መሀል አስነሣው። "ውሃ በእግሩ ሄዶ ናፍጣ ውስጥ አይገባም! ይህ አሻጥር ነው!" በሚመጣው ወር ከላይ የሚላኩ እንግዶች ወደ ደቅ ይሻገራሉ አሉ። ያን ቀን ሞተሩ ከቆመ ቢያዝን ይታሰራል። በሰው ፊት ነው የተናገረው። ሰዉ ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

አሻጥር? ቢያዝን? ዶሮ ማረድ የሚፈራው ሰውዬ?

ኅዳር ፳፫
ፋብሪካ የሚሠራውን መካኒክ፣ ወልደ ገብርኤልን፣ ለምኜ አመጣሁት። የአንበሳሜ ልጅ ነው፤ እናቱን አውቃቸዋለሁ። ከሰልባትዮው ሥር በብርጭቆ ቀዳ። ውሃው ከታች፣ ናፍጣው ከላይ ተኛ።

"ሌሊት ሙሉ ነው ወይስ ባዶ?"

"ባዶ ነዋ" አለ ቢያዝን። "እንዳይሰረቅ ማታ ማታ ወደ ጀሪካን ይቀዳና መጋዘን ይቆለፋል። የስብሰባ ውሳኔ ነው።"

"በቃ፣ እሱ ነው! ባዶ ብረት ሌሊት ሐይቁ ሲቀዘቅዝ ያልበዋል። የድስት ክዳን አያልበውም? ጠዋት በላዩ ናፍጣ ትደፉበታላችሁ። እስከ አፉ ሞልቶ ይደር።"

ሞልቶ ይደር! ቢያዝን ሄዶ ለጓድ አምሐ ነገረው። "የሕዝብን ውሳኔ ላብ አይሽረውም" ብሎ መለሰው።

እንግዲህ ባዶ ካደረ አሻጥር፣ ሞልቶ ካደረ ውሳኔ መጣስ። ወዴት ይኬዳል?

ኅዳር ፳፭
ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ እሱ ነው? እኔ ነኝ? "ውሳኔው ጀሪካኑ ይግባ ነው የሚለው..." ተባባልን።

ናፍጣውን ሰልባትዮው ውስጥ ተውነው። ጀሪካኑን ከሐይቁ ሞላነው፤ ከላዩ አንድ ጣሳ ናፍጣ። ይንሳፈፋል፤ ከፍተው ቢያሸቱት ናፍጣ ነው። ጀልባዋን ሰው ሁሉ ባዶ መሆኗን ስለሚያውቅ ሌባም አይደርስባት።

ተሸክሜ ያስገባሁት እኔ ነኝ። መጋዘን ጠባቂዋ ሸጊቱ ስትቀበለኝ፣ "እቴ! ዛሬስ ከበደ!"

"የሕዝብ ንብረት ነዋ!"

ሳቅን። ቶሎ ብዬ ወጣሁ።

ታኅሣሥ ፬
በየማታው ያንኑ ጀሪካን አስገባለሁ፤ ሞተሩ እስካሁን አልቆመም። እማሆይ "ጠበሉ ያዘ" ይላሉ። አለመሆኑንስ በምን አውቃለሁ?

ታኅሣሥ ፲፭
እንግዶቹ ደቅ ደርሰው በሰላም ተመለሱ። ተመስገን! ጓድ አምሐ ወደቡ ላይ ቆሞ፣ "ናፍጣችንን በመቆለፋችን የተገኘ ድል!" አለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ። ቢያዝን ጫማውን ያያል።

መሳቅ ነው ማልቀስ?

ታኅሣሥ ፳፩
የማኅበሩ ላንድሮቨር ዋንዛዬ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቆመ። ጓድ አምሐ ሚስቱን ፍል ውሃ ሊወስዳት ኖሯል። ሸጊቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ትናንት ቁልፉን ተቀብሎኝ ከጀሪካንሽ በጎማ ቀዳ። ከእኔ አልሰማሽም።"

ከጀሪካኔ! በጎማ፣ ከሥሩ፣ ውሃውን!

ለቢያዝን ስነግረው ጉርሻው ከእጁ ወደቀ። እሱን እያነሣ፣ "ምን ብሎ ይከሳል? ስሰርቅ ውሃ ሰጡኝ ብሎ?"

እንጃ... ሹም መቼ ምክንያት ያጣል? ይህን መጻፌስ ደግ ነው?

ታኅሣሥ ፳፬
ድንገተኛ ስብሰባ ተጠራ። ይወስዱታል ብዬ ለቢያዝን በሶና ዳቦ ቋጥሬ፣ ጋቢውን ይዤ ሄድሁ።

ጓድ አምሐ ተነሣ። አንድ ጊዜ አየኝ። "በጥናት በተደረሰበት መሠረት" ከዛሬ ጀምሮ ናፍጣው ጀልባዋ ውስጥ ያድራል፤ ዘበኛ ይቆምለታል። "ጀሪካኑም በደንብ ታጥቦ ይመለስ" አለ። ታጥቦ! እኔን እያየ ነው ያለው? ወይስ መሰለኝ?

ስንወጣ በር ላይ ጠበቀን። "ወይዘሮ አገርነሽ፣ እንደምን ዋሉ?" አለኝ። "አንቺ ሴትዮ" ሲለኝ የኖረ ሰው! መፍራት ነው? መዛት ነው? እግዜር ይመስገን ብዬ አለፍሁ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ቢያዝን ሣሩ ላይ ተቀመጠ። "በይ ቋጠሮውን ፍቺው፣ ርቦኛል።"

የእስር ቤቱን ስንቅ እዚያው ተቀምጠን ጨረስነው።