የአዋላጇ ቁጥር

ሐሙስ፣ ጥር 22

ለእታለም፣

እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም። ለሰው ያልነገርኩት ነገር አለ፤ ለአንቺም ልንገርሽ፣ አልንገርሽ እያልኩ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። አጎታችን የሠራው ስልክ ከሰፈራችን አያልፍም እንጂ፣ ደውዬ ዝም ብልሽም ይገባሽ ነበር።

አንቺ ስትሄጂ አጎቴ ገና ሽቦ ይቀጣጥል ነበር። አሁን አንቴናው የውሃ ታንከሩ ላይ ቆሟል። ከሥሩ ባለው ዕቃ ቤት ውስጥ ትንሿ የሬዲዮ ሣጥንና አሮጌው ላፕቶፕ አሉ። ስልኮቹን የሚያገናኘውን ፕሮግራም የሠሩት ሰዎች ለማንም በነፃ ይሰጡታል፤ ውስጡን ከፍቶ ማየትና ማስተካከልም ይቻላል። አጎቴ «የተከደነ ድስት አይደለም» ይላል። በመጀመሪያው ቀን አናጢው ደውሎ «ጌታው፣ ደጅህ ላይ ነኝ፤ በሩን ክፈትና ስልኩን ልዝጋው!» ሲለው እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

የእኔ ሥራ ዝርዝሩ ነው። እያንዳንዱ ሲም ካርድ አሥራ አምስት አሃዝ ያለው ቁጥር አለው። እሱን ከወረቀት እያየሁ ከባለቤቱ ስም ጋር እጽፋለሁ። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ስልክ አይደውልም፤ አይደወልለትምም። ከሰው ጋር ማውራት ስለሌለበት ሥራውን ወድጄው ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት የአዋላጇ ስልክ ውሃ ውስጥ ወደቀና አዲስ ካርድ ሰጠናት። የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች አቀያይሬ ጻፍኩ። ሁልጊዜ ካርዱን ከመስጠታችን በፊት ደውለን እንሞክራለን። የዚያን ቀን ቤቱ ሰው ሞልቶበት ስለነበር «እስቲ ልደውልልሽ» ማለት አፈርኩ። እሷም የቤቷ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ ኔትወርክ የከለከላት መስሏት ተወችው።

ባለፈው ቅዳሜ የአናጢውን ሚስት ምጥ ያዛት። አናጢው ሰባት ጊዜ ደወለ። ከዚያ ሮጠ። አዋላጇ ስትደርስ ልጁ ታፍኖ ሞቶ ነበር። ወንድ ነበር። እናቲቱ ደህና ናት ይላሉ።

እንደሰማሁ ዕቃ ቤት ገባሁ። ላፕቶፑ ላይ «ያልታወቀ ስልክ፣ ተከልክሏል» የሚል መስመር ተደጋግሞ ተጽፏል። ቁጥሩን አየሁት። አስተካከልኩት። አላለቀስኩም። ያኔ ምንም አልተሰማኝም፤ እስካሁንም አልተሰማኝም።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። በማግስቱ አጎቴ ሲደውልላት ወዲያው አነሳች። «ትናንት እምቢ ያለ ዛሬ እንዴት ሠራ?» ብሎ አንቴናውን ፈታ፣ ሽቦ ለወጠ፣ አራት ቀን ሙሉ ብልሽቱን ፈለገ። ከየት ያግኘው? እኔ አጥፍቼዋለሁ። ባለወፍጮው እሱ እየሰማ «ሽቦ ያመነ ጉም ዘገነ» ይላል።

ዛሬ ምሳ ላይ የአጎቴ ሚስት «ዝርዝሩንስ አይተኸዋል?» አለችው።

«እሱንማ የጻፈችው እሷ ናት» አለ ወደ እኔ እያየ። «የእሷ እጅ አይስትም።» ቆይቶ ደግሞ «ሲፈልግ የሚሠራ፣ ሲፈልግ የሚተኛ ዕቃ ሰው ይገድላል። ነገ ጠዋት አወርደዋለሁ» አለ። ምግቡን አልነካውም። እኔ በላሁ።

እሱ ካወረደው ሁለተኛ አይሰቅለውም። አዋላጇንም የሚፈልግ ሁሉ እንደገና በእግሩ ሊሮጥ ነው። አንቺ ብትኖሪ «ይቺ ልጅ የምትለው አላት» ትይልኝ ነበር። ለመምህሩም ለሐኪሙም የምትናገሪልኝ አንቺ ነበርሽ። ከሄድሽ ወዲህ የሚናገርልኝ የለም፤ እኔም የሚነገር ነገር ሳይኖረኝ ቆየሁ።

ባለሽበት ሰላም ያውልሽ፤ የምታምኚው ሰው አያሳጣሽ።

ነገ ከአጎቴ ቀድሜ ተነስቼ መሰላሉ ሥር እጠብቀዋለሁ። ላፕቶፑ ቁጥሩ የተቀየረበትን ቀንና ሰዓት ይዞታል፤ ድምፄ እምቢ ካለኝ እሱን አሳየዋለሁ። ከዚያ አናጢው ቤት እሄዳለሁ። እዚያ ላፕቶፕ አልይዝም። በአፌ እነግራቸዋለሁ።

ታናሽሽ፣
ጭምቷ