የሲኞር ብሩኖ ቁልፍ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ዞሰንሃይም።

ዛሬም ጠዋት ሲኞር ብሩኖን አጠብኳቸው። በምሠራበት፣ ጀርመኖች አልተንሃይም በሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ካሉት አዛውንት ሁሉ ስለ አገራቸው የሚያወሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከተማቸው የድሮ ሰዎች የባሕር ወንበዴ ሸሽተው ኮረብታ ጫፍ ላይ የቆረቆሯት ትንሽ የጣሊያን ከተማ ናት። ከታች ወይራ፣ ከላይ ድንጋይ። ወጣቱ ለሥራ ወደዚህ ሲፈልስ ባዶዋን ቀረች።

ዛሬ የቤታቸውን ፎቶ አሳዩኝ። ከደወሉ ማማ ሥር ሰማያዊ በር፣ ከግድግዳው የበቀለች በለስ።

በሩን አወቅኩት። በጀልባ ተሰደን ከባሕር የወጣን ጊዜ የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት እኔንና ሦስት ሴቶችን ያስገባን እዚያ ነበር። ሁለት ዓመት ኖርኩበት። በለሷን ለማገዶ ቆርጠናታል።

ከትራሳቸው ሥር ትልቅ የብረት ቁልፍ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩ።

«ልጅ የለኝም። አንድ ቀን ሂጂና መስኮቱን ክፈቺልኝ፤ ቤቱ አየር ያግኝ» አሉኝ።

«እሺ» አልኳቸው። ምንም አልተሰማኝም። ካልሲያቸውን አጠለቅኩላቸውና ወደሚቀጥለው ክፍል ሄድኩ።

ቁልፉ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የትኛውንም በር አይከፍትም። ያንን በር የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ሰብረው አዲስ ቁልፍ የገጠሙለት እኛ የገባን ዕለት ነው።