«ጣውንቷ ነኝ» ብላቸው

ዓይኔ ልጄ፣ የረገጥከው ሁሉ ይለምልምልህ፣ ክፉ አይይህ። እኛ ደህና ነን፤ የጓሮው በር እንደ ድሮው ሲከፈት ይጮኻል። ትልቋ እናትህ ትርፍ አንጀቷን ቀዶ ሕክምና አድርጋ ተኝታለች፤ አትደንግጥ፣ ተሽሏታል። የእኔ ንዴት ነው ያልበረደው።

ትናንት ሾርባ ይዤ ሆስፒታል ብሄድ የክፍሏ በር ላይ ያለው ዘበኛ «ምኗ ነሽ?» አለኝ። እኔም እውነቱን፣ «ጣውንቷ ነኝ» አልኩት። መርዝ የያዝኩ ይመስል ሾርባዬን ሸሸው! ነርሷን ጠራት፤ እሷም «ለቤተሰብ ብቻ ነው» ብላኝ እርፍ።

ቤተሰብ! አባትህ ሁለታችንንም ጥሎ ሲሄድ፣ በአንድ የስፌት መኪና እሷ እየቆረጠች እኔ እየሰፋሁ ያሳደግንህ ምን ልንባል ነው? ስንት ዘመን ዞር ብላ ያላየቻት የሥጋ እህቷ ብትመጣ ሰተት ብላ በገባች!

ልግባ አትገቢም ስንባባል ትልቋ እናትህ ቁስሏን ይዛ ከውስጥ ጮኸች፦ «የልጄን እናት አስገቡልኝ!»

ዘበኛው አንዴ እኔን አንዴ ክፍሉን አየና በሩን ለቀቀ። ነገም ቢጠይቀኝ ጣውንቷ ነኝ ነው የምለው፤ ይልመደው!

በል ልጄ፣ እጅህ የነካው ይባረክ። አደራህን፣ ስትደውል መጀመሪያ ለእሷ ደውልላት፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ።

እናትህ