ቀስቷን ያዘገየህልኝ ቀን

ሳንቲያጎ (የቺሊዋ ሳትሆን የደሴታችን)፣ ሎስ ፔፒኔስ ሰፈር
ሐሙስ፣ ሜይ 2 ቀን 2019

ለናፈቅከኝ ልጄ ለሊሳንድሮ፣

ሰላምታዬ ቺሊ ድረስ ይድረስህ። እናትህ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ ልበልና ልጀምር፤ ደብዳቤ ሲጀመር እንደዚያ ነው የሚባለው።

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልወስደውም። አድራሻህን ለማወቅ እናትህን መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው፤ እሷን ከጠየቅኳት ደግሞ ወገቧን ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ ያንን አልችለውም። ስለዚህ እዚሁ ኮምፒዩተሩ ላይ ጽፌ፣ ስሙን «ለሊሳንድሮ» ብዬ ስክሪኑ መሃል እተወዋለሁ። የፊታችን እሑድ የወሩ የመጀመሪያው እሑድ ነው። እንደ ልማድህ ኮምፒዩተራችንን ልታጸዳ እዚያው አንቶፋጋስታ ሆነህ በኢንተርኔት ስትገባበት ታገኘዋለህ። በግራ እጄ አንድ ጣት ነው የምጽፈው፤ ይኸው አራተኛ ቀኔ ነው። ሁለት ጊዜ መብራት ሄዶ የጻፍኩትን በላብኝ፤ አሁን በየመስመሩ አስቀምጣለሁ።

ሁለት ዓመት ሙሉ በወር በወሩ ቤቴ ገብተህ ስትወጣ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። መጀመሪያ ሰሞን እናትህ ስክሪኑ ላይ የሚወጡትን ዘጠኝ ቁጥሮች እንደ ሎተሪ ዕጣ ጮክ ብላ በስልክ ታነብልህ ነበር። ከዚያ ኮምፒዩተሩ «ይግባ ወይስ አይግባ?» ብሎ ሲጠይቃት «ይግባ እንጂ፣ የገዛ ልጄ አይደለም እንዴ» ትለዋለች፣ የሚሰማት ይመስል። በኋላ ቋሚ የይለፍ ቃል አበጀህና ማንም ሳይጫንልህ በራስህ መግባት ጀመርክ። እሷ ግን ፈርታ ነበር። «እንዲያው የቤታችን ነገር ሁሉ ተጠርጎ ወደ አንተ አይሄድም?» ብላ ስትጠይቅህ፣ «አይ እማዬ፣ ለእኔ የሚመጣልኝ የስክሪኑ ምስል ነው፣ ለአንቺ የሚመጣልሽ የእጄ እንቅስቃሴ ነው። ሌላ የሚያልፍ ነገር የለም» አልካት። እኔም ሰምቻለሁ። መነጽሬን የምፈልግ መስዬ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። መነጽሩ ግንባሬ ላይ ነበር።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለችው የማውሱ ቀስት ብቻዋን መሄድ ትጀምራለች። ያደረውን ቆሻሻ ስትጠርግ፣ ያረጀውን ስታድስ፣ እናትህ ሳታውቅ የጫነችውን ኮተት ስታራግፍ አያለሁ። እጅህን አውቀዋለሁ። ትሮጥና ልትጫን ስትል ትንሽ ቆም ትላለህ። አብረን የጽሕፈት መኪና ስንጠግን፣ ታይፕ ስትፈታም እንደዚያ ነበርክ። እናትህ «ምን ያስፈጥጥሃል፣ ፋውስቲኖ? ቀስት እኮ ናት» ትለኛለች። ለእሷ ቀስት ናት። እኔ ልጄን የማየው በዚያች ብቻ ነው።

ያጣላንን ነገር አንተም አልረሳኸው፤ እኔም አልረሳሁትም። በልደቴ ቀን፣ ምሳ ላይ፣ ደንበኞቼ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊዎች ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ «ይሄ ልጄ ነክቶት የማያውቀውን ዕቃ ነው የሚጠግነው። በስልክ የሚያጠምቅ ቄስ በሉት» አልኩ። ሰው ሳቀ። እኔ ደግሞ ሰው ከሳቀልኝ ልጓም የለኝም። «ዛሬ ሠራተኛ አይባልም፤ ድምፅ ሻጭ ነው» ብዬ ጨመርኩበት። አንተ ሳህንህን አነሳህ፣ አጠብክ፣ ወጣህ። በወሩ ቺሊ ገባ ተባልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ያን ማታውኑ ልከተልህ እችል ነበር፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ከዚያ ምሳ በፊት፣ ጓዳ ሆነህ ማዳመጫህን ጆሮህ ላይ አድርገህ የውጭ አገር ሰዎችን ኮምፒዩተር በስልክ ስታስተካክል፣ ብዙ ቀን በሩ ላይ ቆሜ አዳምጥህ ነበር። በረዶ አገር ያለችው አሮጊት ደወለች ያልከን ቀን ትዝ ይልሃል? የልጅ ልጆቼ ፎቶ ከኮምፒዩተሬ ጠፋ ብላ የምታለቅሰዋ። ምን ነካካሽ አላልካትም። ምን ይታይሻል አልካት። ፎቶዎቹ ከሚቀመጡበት ሳጥን ላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ናት ወይስ ብርቱካን አልካት። ብርቱካን ናት ስትልህ፣ ጣትሽን ግድግዳው ላይ ካለው መሰኪያ ጀምሪና ገመዱን ተከተይ፣ በዓይንሽ ሳይሆን በጣትሽ፣ ዓይን ይዘላል አልካት። ሴትዮዋ እየዳበሰች ሶፋው ኋላ ስትደርስ ገመዱ ተነቅሎ ወድቋል። ስትሰካው ፎቶዎቹ ከነበሩበት ተመለሱ። ይህን ሁሉ እራት ላይ ለእናትህ ስታወራ ነው የሰማሁት እንጂ ቋንቋውንማ የት አውቄ። በሩ ላይ ሆኜ የሰማሁት ድምፅህን ነው። አርባ ደቂቃ ሲፈጅብህ አንዴ እንኳ ከፍ አላለም። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የተጣበቀ ታይፕ ሳባብል የማወጣው ነው። አንተ ለሰው አዋልከው። እኔ ለሰው አውዬው አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስሸሸው አራት ቀን ሞላኝ።

ኤፕሪል 7 ስትገባ እናትህ የመዘምራን ልምምድ ሄዳ ነበር። ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ማውሱ በእጄ ነበር። ቀስቷ ስትነቃነቅብኝ አንተ መሆንህን አወቅኩ፤ እጄን ግን አላነሳሁም። ለምን እንዳላነሳሁ አትጠይቀኝ። አንተ ወደ ላይ፣ እኔ ወደ ታች፣ ሁለት እጅ በአንድ ቀስት ላይ። ከዚያ ለቀቅክልኝ። ያን ጊዜ ብቻዬን ቀረሁና የከፈትኩትን መስኮት ልዝጋ ብዬ ማዕዘኑ ላይ ያለችውን ምልክት ፈለግኳት። ሳትኳት። ደግሜ ሳትኳት። ሦስተኛም ሳትኳት። ቀስቷ እንደ ዶሮ ጭራ ትንቀጠቀጥ ነበር፣ አንተም እዚያ ማዶ ሆነህ ታያለህ። የሚመጣልህ የስክሪኑ ምስል ነው ብለህ የለ።

አዎ፣ ቀኝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ካለፈው ገና ወዲህ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ብቻዬን ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር፤ የሚያስታግስ እንጂ የሚያድን መድኃኒት የለውም አለኝ። ቤት ውስጥ እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የምዞረው። እናትህ «ምን ዓይነት ኩራት ነው፣ እንደ ከንቲባ እጅ በኪስ?» ትላለች።

እና አንተ ምን አደረግክ? ምንም አልጻፍክልኝም። ታች ያለችውን የመጻፊያ ሳጥን ከፍተህ «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?» ማለት ትችል ነበር። ቀስቷ ተነሳች፤ ማስተካከያውን ከፈትክ፤ ፍጥነቷን ጎትተህ ወደ ዝግተኛው አመጣኸው፤ መጠኗን አሳደግክ። ሁለቴ መጫኑንም አዝግመህ የሚቀበል አደረግከው። ከዚያ ወጣህ። ማውሱን ስይዝ አልጠፋችብኝም። መስኮቱን በአንድ ጊዜ ዘጋሁት። ዘግቼው ብዙ አለቀስኩ፣ ልጄ። ይኸው አልኩህ።

በማግስቱ እናትህን ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ሞከርኳት። «ሊሳንድሮ ምን አለሽ?» አልኳት። «ከመቼ ወዲህ ነው የምትጠይቀው? ብርድ ነው አለኝ» አለች። እንዳልነገርካት ገባኝ። በሰው ቤት ያየኸውን እዚያው ጥለህ ውጣ፣ የጠጋኝ ደንቡ ይህ ነው እያልኩ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። የተማርከው ግን አይመስለኝም ነበር።

ሌላም አለ። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ዛፉ ሥር ማመልከቻ የምትጽፈዋ ዶኛ ኑሪስ ታይፗን ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ትታዋለች። ወረቀት የሚይዘውን ጋሪ የሚስበው ገመድ ነው የተበጠሰው። ሞላውን አራት ዙር አጥብቀህ፣ በአውራ ጣት ይዘህ፣ የአዲሱን ገመድ ጫፍ መንጠቆው ላይ ማስገባት ነው። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ትሠራዋለህ። እኔ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ሞላው ከጣቴ አምልጦ እየጮኸ ተፈታ። ለኑሪስ ዕቃው አልመጣም አልኳት። ዕቃው መሳቢያዬ ውስጥ ነው። በአርባ ዓመት ሥራዬ ደንበኛ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። እስከዚያው ትሥራበት ብዬ የራሴን ታይፕ ሰጥቻታለሁ፤ እሷ ግን ምላሷን ታውቀዋለህ።

«ዶን ፋውስቲኖ፣ ዕቃው ባሕሩን በዋና ነው እንዴ የሚሻገረው?» ትለኛለች። «የእርስዎ ታይፕ ደግሞ እንደ እርስዎ ነው፤ ካልመቱት አይሰማም።»

በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ፀጉር አስተካካዩን ቼሎን ጠራሁትና መነጽሬ ተሰብሯል፣ እኔ ልንገርህ አንተ ሥራ አልኩት። አጠገቤ አስቀመጥኩት።

«መንጠቆውን ያዝ» አልኩት።

«የቱን?»

«መንጠቆውን ነዋ።»

«እኔ የማየው ሦስት ነው።»

«መሃለኛውን።»

«ከየት በኩል ሲቆጠር?»

ከሦስት መሃለኛው ከየትም ቢቆጠር መሃል ነው፤ ደሜ ፈላ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደደብ ብዬው አረፍኩ። ቼሎ ካቻቢቴውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ዶን ፋውስቲኖ፣ እኔ ምላጭ ይዤ የሰው አንገት ላይ ስቆም እንኳ እንደዚህ አልጮህም» ብሎኝ ወጣ። እውነቱን ነው።

ሰውየው አጠገቤ ነበር። ቋንቋችን አንድ ነው። እጁም ጤነኛ ነው። የምናየው አንድ ዕቃ ነው። ያም ሆኖ አልቻልኩም። አንተ ፊታቸውን ከማታያቸው፣ ከሚያለቅሱና ከሚሳደቡ ሰዎች ጋር በቀን ስምንት ሰዓት ትሠራዋለህ። በሰው እጅ መሥራት ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ገባኝ። ያን ቀን በሰው ፊት ያዋረድኩት ሥራ ከእኔ ሥራ የማያንስ ሙያ ነው። ይቅር በለኝ። የጻፍኩት ጣቴ አምልጦት አይደለም፤ በየፊደሉ አስቤበት ነው።

እና ልጄ፣ ና። ለአሥር ቀንም ቢሆን ና። በወር አንዴ የምታስነካኝ እጅህ አይበቃኝም። አንተ ትይዛለህ፣ እኔ እነግርሃለሁ። እንዴት እንደሚነገር ግን መጀመሪያ አንተ ታስተምረኛለህ፤ ብጮህብህም ካቻቢቴውን እንደ ቼሎ አስቀምጥና ዝም በለኝ፣ እበርዳለሁ። የእጄንም ነገር ለእናትህ ስነግራት አጠገቤ ብትሆን ይቀለኛል። ብቻዬን ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም ስለ ዝናብ አወራኋት።

ልጅ ቀድሞ «መርቀኝ» ሳይል አባት አይመርቅም፤ አገራችን ደንቡ ይህ ነው። ሁለት ዓመት ጠበቅኩህ፣ አላልከኝም። ልክ ነህ። እኔ ግን ደክሞኛልና ሳትጠይቀኝ ልመርቅህ ነው። እግዚአብሔር ይባርክህ። ከገባህበት ቤት ሁሉ ስትወጣ ይቅርታና ምስጋና ይከተልህ። እጅህን አይንሳህ። ብርዱን ያቅልልህ።

አባትህ
ፋውስቲኖ ታቫሬስ

ከፈረምኩ በኋላ የምጨምረው፦ የኑሪስን ታይፕ ሰበብ ማድረጌን ሳልነግርህ ብቀር ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ዛሬ ጠዋት መጥታ «ላ ቬጋ ከተማ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰው ሰው አለ አሉ፤ ልውሰደው» አለችኝ። ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ጠጋኝ ነው፣ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ልልክለት እችል ነበር። እኔ ግን ታይፑን በሁለት እጄ ይዤ «አይሆንም፤ ልጄ ሲመጣ ይሠራዋል» አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ። «መቼ ነው የሚመጣው?» ስትለኝም «በቅርቡ» አልኩ። ከሰዓት በኋላ ቼሎ ቂሙን ትቶ እንኳን ደስ ያለዎት ሊለኝ መጣ። ዳቦ ቤት የምትሸጠዋ ደግሞ ስንት ኪሎ እንደከሳህ ገምታልሃለች። እናትህንማ የክፍልህን መስኮት ከፍታ፣ እያዜመች አንሶላህን ስታጥብ ነው ያገኘኋት። እንግዲህ ያልሰማኸው አንተ ብቻ ነህ።