መስኮቱ ላይ ስላለው ቲማቲም

ልጄ፣ ከሥራ ስትገቢ እንድታዪው ብዬ ይህን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት።

እህቴ ዘንድ ሄጃለሁ። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ እህል አልቀምስ ብላለች። አማረኝ ያለችው ቤት ያበቀልነውን ቲማቲም ብቻ ነው። ያ ቀልቶ የጠፋው የእሷ ነበር።

አንቺ በላሽው አላልኩም።

የጎረቤት ድመት ናት ብለሽኛል፣ እሺ። ግን ድመት ጨው ነስንሳ ስትበላ አይቼ አላውቅም። መስኮቱ ሥር የፈሰሰውን ጨው የጠረግኩት እኔ ነኝ። በማግስቱም ሳልጠይቅሽ "እትዬ፣ ያቺ ሌባ ድመት ዛሬም መጣች እንዴ?" ማለትሽ ከነከነኝ።

ይሁን።

ቲማቲሙ የተተከለበትን ባልዲ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት መልሼዋለሁ። መኝታ ቤቴ ወስጄ ስቆልፍበት ፀሐይ አጥቶ ቅጠሉ ገረጣ። እሱስ የእኔ ጥፋት ነው።

አፈሩን በጣትሽ ነክተሽ ሲደርቅ ብቻ ለብ ያለ ውሃ አጠጪው። ስትተኚ መስኮቱን ዝጊ፣ ብርዱ ይጨርሰዋል። በዚህ ብርድ ንብ ቤት አይገባምና አበባውን ቀስ ብለሽ ነካ ነካ አድርጊው፣ አለዚያ ፍሬ አይዝም።

ሁለት ቀርተዋል፣ ገና ጥሬ ናቸው። ቀድሞ የቀላውን በወረቀት ጠቅልለሽ ለእህቴ ይዘሽላት ነይ። በሰው እንዳትልኪው፣ የዘንድሮ ሰው አይታመንም። አንቺው ራስሽ አምጪው።

ሌላውን ብዪው፣ ከልቤ ነው።

ስትደርሺ "ማን አበቀለው?" ብላ መጠየቋ አይቀርም። "እኔና እትዬ" በያት።