ለሚሄድ ጭነት የሚሆን ቋጠሮ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን
ከቤት፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ

ለምወድህ የበኩር ልጄ፣

ይህ ወረቀት በጤና ያግኝህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ካለፈው ዓመት አልባሰም፤ ይህ በእኔ ዕድሜ እንደ ሹመት ይቆጠራል።

የጻፍክልኝ ደርሶኛል። «አባዬ፣ አንተ ካልከለከልካት ማንም አይከለክላትም» ያልከውን ደጋግሜ አነበብኩት። እኅትህ የዳቦ ቤቱን ትንሽ መኪና ትታ የረጅም መንገድ ከባድ መኪና ልትነዳ መነሳቷ እንቅልፍ እንደነሳህ ይገባኛል። እኔንም ነስቶኝ ነበር። መልስ ያዘገየሁት ግን ችላ ብዬ አይደለም፤ መንገድ ላይ ስለነበርኩ ነው። አዎ፣ እኔ አባትህ። ከእርሷ ጋር፣ ረዳቷ ሆኜ። ሳቅህን ስትጨርስ ቀጥለህ አንብብ።

ባለመኪናው አዲስ ሾፌር ሲቀጥር የማይሽረው ደንብ አለው። ሾፌሩ መኪናውን ከነተሳቢው ጭኖ ከተራራው ማዶ እስካለው መጋዘን አንድ ጊዜ ይነዳል። ጎኑ አንድ የቆየ ሾፌር ይቀመጣል። ይህ ሰው እስኪደርሱ ድረስ ስለ አነዳዱ ትንፍሽ አይልም፤ አያርምም፣ አያመሰግንም። ሲደርሱ ለባለመኪናው ደውሎ ያየውን ይናገራል፤ ቁልፉም ያኔ ይሰጣል ወይም ይወሰዳል። ለእኅትህ ደግሞ ባለመኪናው አንድ ነገር ጨመረባት። ጭነቱ ስኳር ነው፤ «መጋዘኑ ከመዘጋቱ በፊት ካልደረስሽ አትድከሚ፣ ሌላ ሰው አለኝ» አላት። እሺ አለች። ድምጿ እንዳንተ ነው፣ ሲጨንቃት ይወፍራል።

የተመደበላት ሰው «አባ ቀስ» ይባላል። ዕድሜ ልኩን ሲነዳ ማንንም ቀድሞ አያውቅም አሉ። ሾፌሮቹ ሲቀልዱበት፣ አንድ ቀን የቀብር አጀብ ክላክስ እየነፋ አልፎታል ይላሉ።

እኔ የሄድኩት እንዲሁ በድንገት ነው። የጭነቱን ሸራ የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ላዩ ላይ ወጥቼ ገመዱን እያሰርኩ ነበር። ረዳት ሊሆን የነበረው ጎልማሳ፣ «ሴት ከምትነዳው መኪና ጋር አልሄድም» ብሎ ከታች ሲጨቃጨቅ ሰማሁ። ጥሎ ሄደ። ያለ ረዳት ደግሞ መኪናው አይወጣም። «እኔ እሄዳለሁ» አልኩ ከላይ ሆኜ። ባለመኪናው ቀና ብሎ አየኝ።

«እርስዎንስ ማን ይደግፍዎታል?»

«እሷ» አልኩት።

ለምን እንደተናገርኩ ራሴን ጠይቄያለሁ። ላግዛት ነው ወይስ ላያት? ምናልባት ስትሸነፍ አጠገቧ ልሁን ብዬ ይሆናል። ልቤን ፈጣሪ ያውቀዋል፤ እኔ ግማሹን ብቻ ነው የማውቀው።

ከመነሳታችን በፊት መኪናውን ዞረችው። እያንዳንዱን ጎማ በብረት መታ እያደረገች ድምፁን ትሰማለች። የላላ ብሎን አገኘችና ራሷ አጠበቀችው። እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንግዳ ሲመጣ ቤቱን አንዴ ዞራ ታየው እንደነበረው ነው፤ አለመቸኮሏ፣ ከንፈሯን መንከሷ ጭምር። ከዚያ ጋቢናው ውስጥ ገባን፤ እሷ መሪው ላይ፣ አባ ቀስ ወዲያ ጥግ፣ እኔ መሐል። በልቤ የመንገድ ጸሎቴን አደረስኩ። አሜን ስል ሞተሩ ተነሳ፤ እንዴት እንዳወቀች እንጃ፣ ጠብቃኝ ነበር።

አባ ቀስ ደንቡን አክባሪ ነው። ስለ አየሩ እንኳ ብጠይቀው ራሱን ይነቀንቃል። ስለዚህ ወሬውን ብቻዬን ያዝኩት። ምሳ የበላንበት ቦታ ላይ የቆሙ ሾፌሮች እኔን ከጋቢና ስወርድ ሲያዩ ተጠቃቀሱ። አንዱ፣ «እቴ፣ ረዳትሽ ጡረታውን እዚሁ ነው እንዴ የሚበላው?» አላት። እኅትህ እጇን እየታጠበች፣ «አባቴ ነው። ደመወዙን አስቀድሞ በልቶታል፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሲቆጣኝ ኖሯል» አለችው። ሳቁ። ቦታ ለቀቁልንና አብረን በላን። አንዱ እንዲያውም ስለ ቁልቁለቱ መከራት፤ የምታውቀውን ነገር እንደ አዲስ በትዕግሥት ሰማችው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከሰዓት በኋላ ተራራው ጫፍ ደረስን። ከዚያ ወዲያ ረጅም፣ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ሰማዩ ከብዶ ነበር። እዚያ ጫፍ ላይ ሾፌር ሁሉ ቆሞ ጭነቱን ያያል። ወርዳ ዞረች፤ እኔም መኪናው እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር ታኮ አደረግሁ። ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። ስኳሩ በመንገዱ መንገጫገጭ ወደ ታች ሰምጦ፣ በላዩ ያሰርኩት ገመድ ሁሉ ረግቧል። ሸራው በንፋሱ እንደ ቀሚስ ይርገበገባል። ገመዱን እንደገና መሳብ ያስፈልጋል። መሳብ ግን አልተቻለም፤ ቋጠሮው የእኔ ነዋ።

የእኔን ቋጠሮ ታውቀዋለህ፤ በልጅነትህ በጥርስህ ልትፈታው ስትታገል አይቼሃለሁ። ገመዱን በውኃ አርሼ፣ ሦስት ጊዜ አጥፌ፣ በጉልበቴ ረግጬ ነው የማስረው። ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። ያሰርኩት የሱቅ ጥላ፣ የዘረጋሁት ድንኳን እስከ ዛሬ አልላላም። እኮራበት ነበር። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ ያሰርኩት ባለበት የሚቆም ነገር ነው። የሚሄድ ጭነት ይሰምጣል፣ ይሸሻል፣ ቅርፁን ይለውጣል፤ ስለዚህ ቋጠሮው መንገድ ላይ በአንድ እጅ ተፈትቶ እንደገና የሚጠብቅ መሆን አለበት። ይህን የማያውቅ ሾፌር የለም። እኔ ግን ሸራ ሰፊ ነኝ። ከታች ሆና ልታየው ስትል «ተይው፣ የአባትሽ እጅ ነው» ብያት ነበርና አምናኝ አለፈች።

በጥፍሬ ታገልኩት። ጥፍሬ ተሰበረ። የዝናብ ፍንጣሪ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ጨነቀኝ።

«ልጄ፣ ዝም ብለሽ ውረጂ። ዝናቡ ሳይጠነክር፣ መጋዘኑም ሳይዘጋ ትደርሻለሽ» አልኳት።

አባ ቀስን አየሁት፤ ፈቀቅ ብሎ ቆሞ ጫማውን ያያል። እሷ ቁልቁለቱን አየች፣ ሰዓቷን አየች። ምንና ምን እያመዛዘነች እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዳቦ አድርሳ ስትመለስ ምን ያህል እንደለፋች አንተም ታውቃለህ።

«አባዬ፣ ጭነቱ መታጠፊያው ላይ ከተንሸራተተ መኪናውን ይዞት ነው የሚሄደው» አለች። «ቢላዋውን አቀብለኝ።»

ቋጠሮዎቼን አንድ በአንድ ቆረጠቻቸው። ላዩ ላይ ወጥታ ሸራውን በሆዷ ተኝታ ያዘችው፤ እኔና እዚያው ጭነቱን ሊያይ የቆመ ሌላ ሾፌር ከታች ጎተትን። የተቆረጡትን ገመዶች ቀጣጥላ፣ በዚያ በሚፈታው አስተሳሰር አሰረች። ልብሷ እስከ ሥጋዋ ራሰ። ስኳሩ ግን ጠብታ አልነካውም። ስትወርድ «ይቅር በይኝ» ልላት አፌን ስከፍት፣ እጄን ይዛ ጥፍሬን አየችና በመሀረቧ ጠቀለለችልኝ። እዚያ በቆሙት ሾፌሮች ሁሉ ፊት ገመዱን ማን እንዳሰረው አልተናገረችም።

ከዚያ ወረድን። ልጄ፣ ይህን ብታየው ኖሮ ያንን ደብዳቤ አትጽፍም ነበር። ገና ከጫፉ ከባድ ማርሽ አስገባች። መኪናውን ይዞ የሚያወርደው ሞተሩ ነው፤ ፍሬን ላይ ከተኛህ ይግልና ይከዳሃል። እግሯ ፍሬኑን ነካ አድርጎ ይለቀዋል፣ ነካ አድርጎ ይለቀዋል። ከኋላችን አንድ የቤት መኪና ክላክሱን አስጮኸ፤ አልፈጠነችም፣ አልተቆጣችም። ሜዳ ሲገኝ ዳር ይዛ በፍሬቻ አሳለፈችው። ያ ሁሉ ክብደት ከጀርባችን ተደግፎ እንደ ተኛ ሕፃን ዝም ብሏል። ቶሎ በጨረስን ብዬ መጸለይ ጀምሬ ነበር፤ እጇን ሳይ ጸሎቴ ወደ ምስጋና ዞረብኝ። አባ ቀስ ዓይኑን ጨፍኗል። ፈርቶ ነው ብዬ አሳዘነኝ።

ስንደርስ መጋዘኑ ተዘግቷል።

እኅትህ ጋቢናው ውስጥ ጃኬቷን ተከናንባ ተኛች። እኔ ሲነጋጋ ተነሥቼ ከተሳቢው ጀርባ ለጸሎት ቆምኩ። ምን ልለምን? «ቁልፉን ስጣት» ልል ስል አፌ ተያዘ። «አትስጣት» ልል ስል አፈርኩ። ለእናትህ ነፍስ ብቻ ለምኜ ተመለስኩ።

ጠዋት ስኳሩ ወረደ፤ ደረቅ ነበር። አባ ቀስ ደወለ። የባለመኪናው ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ለሁላችን ይሰማል።

«በሰዓቱ ደረሰች?»

«አልደረሰችም።»

«በቃ፣ ነግሬያት ነበር።» ቀጥሎም፣ «ቁልቁለቱንስ እንዴት ወረደችው?» አለ።

«አላየሁም» አለ አባ ቀስ። «ተኝቼ ነበር።»

አባ ቀስ ቀስ ብሎ ጨመረበት፤ «ሌላ ሰው መሪ ይዞ እዚያ ቁልቁለት ላይ ተኝቼ አላውቅም። አንተ ስትነዳም አልተኛሁም። ቁልፉን ስጣት።»

እንዲህ ሆነ። ቁልፉ ተሰጣት። ሥራውም ወዲያው ነው፤ ከዚያው መጋዘን ሌላ ጭነት ይዛ ወደ ሩቁ ወደብ እንድትቀጥል፣ ከዚያም መመላለስ ነው፤ ወደ ቤት የምትመጣው አልፎ አልፎ ይሆናል። አዲስ ረዳት ከዚያው ተገኘላት፤ ኮስታራ ሰውዬ ነው፣ ወደድኩት። ወደ ጎን ወሰደችኝ።

«አባዬ፣ አንተ አትሂጂ ካልክ እቀራለሁ። ብቻህን ትሆናለህ።»

«እኔ ሥራ አለብኝ» አልኳት። «ቤቱም የት ይሄዳል?»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ጉልበቴን ስማ ወደ ጋቢናው ወጣች።

ግቢው ጠባብ ስለሆነ ረዳት ከኋላ ሆኖ ካልመራ አይወጣም። አዲሱ ረዳት ሊወርድ ሲል ተው አልኩት፤ ይህችን ለእኔ ተውልኝ። ከኋላ ሄጄ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» እያልኩ እስከ አስፋልቱ ድረስ አመጣኋት። መኪናው ሲቃና ረዳቱ ጎኑን ሁለቴ በመዳፉ ይመታል፤ መንገዱ ክፍት ነው፣ ሂድ ማለት ነው። ይህን አባ ቀስ ነው ያስተማረኝ። እጄን አነሣሁ። ከኋላ መኪኖች ቆመው ይጠብቃሉ። እሷም በመስተዋቱ እያየችኝ ትጠብቃለች። እጄ ትንሽ ቆየ።

ከዚያ መታሁት።

ስለዚህ ልጄ፣ እባክህ የደስታ ቃል ጻፍላት። ያንን ደብዳቤህን አላሳየኋትም። አባባ ብቻውን ነው የሚል ነገር ደግሞ እንዳትጽፍባት፤ ሾፌር ሐሳቡ መንገዱ ላይ መሆን አለበት። እኔ ምንም አልጎደለብኝም። ራት ስሠራ ልኩ ገና አልያዘልኝም፣ እየተረፈ ለጎረቤታችን አካፍላለሁ፤ ሴትዮዋ እጅህ ጥሩ ነው አለችኝ። ከባድ መኪና በደጅ ሲያልፍ ወጥቼ አያለሁ፤ እግሬንም ለማፍታታት ይጠቅመኛል።

ያሳደረን አምላክ በሄድክበት ይቅደምህ። የምታምነው ሰው አያሳጣህ፤ እንጀራህን በሰላም ያስበላህ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስ፤ ልጆቹን በእኔ ምትክ ግንባራቸውን ሳምልኝ።

የሚወድህ አባትህ